የቀረጥ ጭማሪ ማመልከቻ ጠረጴዛቸው ላይ ለተቀመጠ ኃላፊዎች ሁሉ

ለንግድ ሚኒስቴሮች፣ ለገንዘብ ሚኒስቴሮችና ለጉምሩክ መሥሪያ ቤቶች
በያሉበት

ግልባጭ፦ ቀረጡን ለሚከፍለው ሕዝብ

ጉዳዩ፦ ከለላ ከመፈቀዱ በፊት ስሌቱ እንዲሠራና ይፋ እንዲሆን ስለመጠየቅ

ማመልከቻው ከአገር አገር ብዙ አይለያይም። የአምራቾች ማኅበሩ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ገበያውን እንዳጥለቀለቀው፣ ፋብሪካዎች ሊዘጉ እንደሆነ፣ ይህን ያህል ሠራተኛ እንደሚበተን ይገልጽና ቀረጡ ከፍ እንዲልለት ይጠይቃል። በአባሪነት የሠራተኞች ብዛት፣ የኢንቨስትመንቱ መጠንና የተፎካካሪው የዋጋ ዝርዝር ይመጣሉ። ጭማሪውን ማን እንደሚከፍለው የሚያሳይ አባሪ ግን የለም። ያንን ማዘጋጀት የአመልካቹ ሳይሆን የእናንተ ሥራ ነው።

ይህን የምንጽፍላችሁ የንግድ ፖሊሲ የምናጠና ባለሙያዎች ነን። ነጻ ንግድ ከከለላ ይሻላል የሚለውን አቋማችንን አንደብቅም። ሆኖም መርሑን ከመደጋገም ይልቅ እንዲህ ያለ ማመልከቻ እንዴት እንደሚመረመር በቁጥር ማሳየት ይጠቅማል ብለናል። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ከፋዩን እንለይ። «ቀረጡን የሚከፍሉት የውጭ ላኪዎች ናቸው» የሚለው አነጋገር መድረክ ላይ ያስጨበጭባል እንጂ ጉምሩክ መስኮት ላይ አይሠራም። ዲክላራሲዮን የሚሞላውም፣ ገንዘቡን ገቢ የሚያደርገውም የአገር ውስጥ አስመጪ ነው። ላኪው ከሸክሙ የሚካፈለው የራሱን ዋጋ ከቀነሰ ብቻ ነው፤ ይህም የሚጠበቀው ገዢው አገር የዓለምን ዋጋ ማንቀሳቀስ የሚችል ትልቅ ገበያ ሲኖረው ነው። ለትልቁም ቢሆን ዋስትና የለውም። አሜሪካ በ2018 በብረት ላይ 25 በመቶ፣ በአሉሚኒየም ላይ 10 በመቶ፣ በብዙ የቻይና ሸቀጦችም ላይ ተጨማሪ ቀረጥ ጣለች። ኢኮኖሚስቶቹ ሜሪ አሚቲ፣ ስቲቨን ሬዲንግና ዴቪድ ዋይንስታይን የዚያን ዓመት ዋጋዎች ሲመረምሩ ጭማሪው ከሞላ ጎደል በሙሉ ያረፈው በአሜሪካውያን ገዢዎች ላይ ሆኖ አገኙት። ገበያው ከዚያ የሚያንስ አገር የተሻለ ውጤት የሚጠብቅበት ምክንያት አይታየንም።

ቀረጥ ደግሞ ድንበር ላይ በተጣለበት መጠን አይቆምም፣ ይወልዳል። ማጓጓዣና ኢንሹራንስ ታክሎበት ወደብ ላይ 1,000 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ውሰዱ። ቀረጥ ከሌለበት አስመጪው 20 በመቶ አትርፎ በ1,200 ይሸጠዋል፤ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲደመር 1,380 ይሆናል። አሁን 30 በመቶ ቀረጥ ጣሉበት። የአስመጪው ወጪ 1,300፣ ከትርፉ ጋር 1,560፣ ከታክሱ ጋር 1,794 ይደርሳል። በቀረጥ ስም የተሰበሰበው 300 ሲሆን ገዢው የጨመረው 414 ነው። ከ114ቱ ልዩነት 60ው በቀረጡ ላይ የተሰላ ትርፍ ነው፤ ቀሪው 54 በቀረጡና በዚያው ትርፍ ላይ የተሰላ ታክስ ነው። አስመጪው በቀረጡም ላይ ማትረፉ ስግብግብነት ብቻ አይደለም፤ ለጉምሩክ የከፈለው ገንዘብ ዕቃው እስኪሸጥ ታስሮ ይቆያል፣ የባንክ ወለድም ይቆጥርበታል።

ከዚህ የሚከብደው ወጪ ግን በየትኛውም የመንግሥት ሰነድ ላይ አይታይም። የውጩ ዕቃ ሲወደድ የአገር ውስጡ አምራችም ዋጋውን እዚያው ድረስ ያወጣዋል፤ ከለላውን የጠየቀውም ለዚሁ ነው። የአንድ ዕቃ የዓለም ዋጋ 100 ይሁን። በዚህ ዋጋ አገሩ በዓመት 1,000 ዕቃ ይገዛል፤ 300ው አገር ውስጥ ይመረታል፣ 700ው ከውጭ ይገባል። 25 በመቶ ቀረጥ ሲጣል ዋጋው 125 ይሆናል። ግዢው ወደ 850 ይቀንሳል፣ የአገር ውስጥ ምርት ወደ 420 ያድጋል፣ ከውጭ የሚገባው 430 ይሆናል። የገዢዎች ጉዳት 23,125 ነው። ከዚህ 9,000 ወደ አምራቾች፣ 10,750 ወደ መንግሥት ካዝና ይሄዳል። ቀሪው 3,375 ወደማንም አልሄደም። ከእሱ 1,500ው በ100 ሊገዙ የሚችሉትን 120 ዕቃዎች ከዚያ በላይ በሆነ ወጪ አገር ውስጥ ለመሥራት የባከነ ጉልበትና ጥሬ ዕቃ ነው፤ 1,875ቱ ደግሞ ገዢዎች ሳይገዟቸው በቀሩ 150 ዕቃዎች ያጡት ጥቅም ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። የሚበላሸው በተለመዱ ስህተቶች ነው። የገቢ ትንበያ የሚያዘጋጀው ክፍል ብዙ ጊዜ አዲሱን ቀረጥ በአሮጌው የገቢ ንግድ መጠን ያባዛል፤ 700 ዕቃ በ25 ተባዝቶ 17,500 ይወጣና በጀት ላይ ይሰፍራል። በዓመቱ መጨረሻ የሚገኘው 10,750 ነው። ሁለተኛው ስህተት አስቀድሞ ቀረጥ ያለበትን የአገር ውስጥ ዋጋ እንደ ዓለም ዋጋ መውሰድ ነው፤ እንዲህ ሲሆን ጉዳቱ ካለው አንሶ ይታያል። ሦስተኛው፣ መጠኑ ሲጨምር ኮንትሮባንድና የተሳሳተ ዲክላራሲዮን እንደሚጨምሩ መዘንጋት ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። የከለላ ፖለቲካ የሚሠራው በዚሁ ነው። 23,125ቱ ለብዙ ሺህ ገዢ ስለሚበተን አቤት ብሎ ቢሯችሁ የሚመጣ የለም። 9,000ው ግን በጣት የሚቆጠሩ ድርጅቶች ስለሚካፈሉት ጠበቃ መቅጠርም፣ ሰልፍ መጥራትም ያዋጣቸዋል። ቢሯችሁ ውስጥ የምትሰሙት ድምፅ የተዛባ መሆኑን አውቃችሁ ስሙት።

በጥንቃቄ ከተጠኑት ጉዳዮች አንዱ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው። አሜሪካ በጥር 2018 በዓመት ለመጀመሪያዎቹ 1.2 ሚሊዮን ማሽኖች 20 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ለሚገባው 50 በመቶ ቀረጥ ጣለች። የማጠቢያ ማሽን ዋጋ 12 በመቶ ያህል ጨመረ። ምንም ቀረጥ ያልተጣለበት የልብስ ማድረቂያ ማሽንም በተመሳሳይ መጠን ተወደደ፤ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ጥንድ ሆነው ስለሚሸጡ አምራቾቹ ጭማሪውን ለሁለቱ አካፍለውታል። ጉዳዩን ያጠኑት ኢኮኖሚስቶች 1,800 ያህል አዲስ የሥራ ቦታ መፈጠሩን አልካዱም። ሸማቾች በዓመት ያጡትን ከ1.5 ቢሊዮን ዶላር ትንሽ የሚበልጥ ገንዘብ ወስደው የተሰበሰበውን 82 ሚሊዮን ዶላር ቀረጥ ቀንሰው ሲያካፍሉት ግን እያንዳንዱ የሥራ ቦታ 815,000 ዶላር ገደማ አስወጥቷል። ለአንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ማንም ይህን አይከፍልም። ጥናቱ የሚያሳየው ሥራ መፈጠሩን ብቻ ሳይሆን የተገዛበትን ዋጋም ስለሆነ፣ በማመልከቻው ላይ ያለውን የሠራተኛ ቁጥር ለብቻው አትዩት።

አሁን ብዙ ጊዜ ወደሚታለፈው ጉዳይ እንምጣ። ከዓለም ንግድ ሰፊው ድርሻ በከፊል ያለቀ ዕቃ፣ መለዋወጫና ጥሬ ዕቃ ነው። ስለዚህ «ሸማቹ ትንሽ ይጨምር» የሚለው ክርክር ብዙውን ጊዜ «ሌላው ፋብሪካ ይጨምር» ማለት ሆኖ ይገኛል። አንድ ፋብሪካ በእርግጥ ምን ያህል ከለላ እንዳለው የሚታወቀው በምርቱ ላይ ካለው ቀረጥ ሳይሆን በሚጨምረው እሴት ላይ ከሚደርሰው ለውጥ ነው። በዓለም ዋጋ 100 የሚያወጣ ምርት ውስጥ 60ው ግብዓት፣ 40ው ፋብሪካው የጨመረው እሴት ይሁን። በምርቱ ላይ 20 በመቶ ቀረጥ ተጥሎ ግብዓቱ በነጻ ከገባ ፋብሪካው 120 ሸጦ 60 ያወጣል፤ የሚቀረው እሴት ከ40 ወደ 60 አደገ፣ እውነተኛ ከለላው 50 በመቶ ነው። አሁን ግብዓት አምራቹ በተራው አመልክቶ በግብዓቱ ላይ 30 በመቶ አስጣለ እንበል። ወጪው 78 ይሆናል፣ የሚቀረው 42፣ ከለላው 5 በመቶ። በምርቱ ላይ ያለው 10 በመቶ ብቻ ከነበረ ደግሞ ከ110 ላይ 78 ሲቀነስ 32 ይቀራል። ይህ ፋብሪካ በታሪፍ መጽሐፉ ላይ «ከለላ ያለው» ተብሎ ተመዝግቦ ሳለ በተግባር 20 በመቶ ተቀጥቷል።

የተቀጣው ፋብሪካ ዝም አይልም፣ እሱም በተራው ያመለክታል። የአሜሪካው የብረት ቀረጥ በጥር 2020 ምስማር፣ ሽቦና ለመኪና መከላከያ የሚሆኑ ተጨፍልቀው የተሠሩ ብረቶች ላይ ተዘረጋ፤ ብረት ተወዶባቸው ከውጭ በተሠራው ምስማርና ሽቦ የተሸነፉት አምራቾች ተራቸውን ጠብቀው ነበር። አንዱን ቀረጥ የፈቀደ መሥሪያ ቤት ቀጣዮቹን ሦስትና አራት ማመልከቻዎች ራሱ ጽፏቸዋል ማለት ይቻላል።

ላኪው ግን ማመልከትም አይረዳውም፤ የሚሸጠው በዓለም ዋጋ ስለሆነ ጭማሪውን የሚያሳልፍበት ገዢ የለውም። በብዙ አገር መፍትሔው ላኪ ለግብዓት የከፈለው ቀረጥ ተመላሽ እንዲሆንለት ማድረግ ነው። ሐሳቡ ደህና ነው፣ ችግሩ አፈጻጸሙ ላይ ነው። ተመላሹ ሲዘገይ የላኪው የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ይደርቃል፤ የሰነዱ ብዛት ትንንሾቹን ከመጀመሪያው ያስወጣቸዋል። ከሁሉ የሚብሰው የሚከተለው ነው፦ ላኪው ግብዓቱን ከለላ ካለው የአገር ውስጥ አምራች ከገዛ ጉምሩክ ላይ የተከፈለ ቀረጥ ስለሌለ የሚመለስለትም የለም። ዋጋው ግን ቀረጡን ያህል ጨምሯል። የአገሩን ምርት ገዝቶ እሴት ጨምሮ የላከው፣ ከውጭ አስገብቶ ከላከው ይልቅ ተጎዳ ማለት ነው።

ከዚህ የሰፋውን ነገር አባ ለርነር የተባለው ኢኮኖሚስት በ1936 አሳይቷል፦ በገቢ ዕቃ ላይ የተጣለ አጠቃላይ ቀረጥ በመጨረሻ በወጪ ዕቃ ላይ እንደተጣለ ግብር ይሆናል። አካሄዱ ቀላል ነው። ገቢ ዕቃ ሲቀንስ የውጭ ምንዛሪ ፈላጊ ይቀንሳል፣ የአገሩ ገንዘብ ይጠነክራል፣ ላኪው ለሚያመጣው ዶላር የሚያገኘው የአገር ገንዘብ ያንሳል። ምንዛሪው በመንግሥት ተወስኖ ቢያዝም የአገር ውስጥ ዋጋና ደመወዝ ወደ ላይ ሄዶ እዚያው ያደርሳል። የንግድ ጉድለትን በቀረጥ እንዘጋለን ብለው ላኪዎቻቸውን ያደከሙ አገሮች የዚህ ሕግ ታራሚዎች ናቸው።

አጸፋውስ? የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኸርበርት ሁቨር ቀረጥን ከፍ ያደረገውን የስሙት-ሆውሊ ሕግ ሰኔ 1930 ከመፈረሙ በፊት 1,028 ኢኮኖሚስቶች ውድቅ እንዲያደርገው ጽፈውለት ነበር። ለታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዋናው ምክንያት ያ ሕግ ነበር ማለት ማጋነን ነው፤ ቁስሉን ማባሱ ግን አያከራክርም። ከሕጉ ውስጥ አንዲት መስመር ብቻ እንይ፦ እንቁላል። ለአንድ ደርዘን 8 ሳንቲም የነበረው ቀረጥ ወደ 10 ሳንቲም ከፍ አለ። ካናዳ በምላሹ የራሷን ከ3 ወደ 10 ሳንቲም አደረሰችው። በወቅቱ አሜሪካ ለካናዳ የምትሸጠው እንቁላል ከካናዳ ከምትገዛው በብዙ እጥፍ ይበልጥ ስለነበር ሕጉ ያተረፈላት ይህችን የውጭ ደንበኛዋን ማጣት ሆነ። የማመልከቻው መርማሪ «ይህን ዕቃ እኛስ ለማን እንሸጣለን?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ አንድ ገጽ ይበቃ ነበር።

«እኛ በምንም ከማንም ስለማንሻል ገበያ ከከፈትን የሚቀርልን የለም» የሚል ክርክርም ይቀርብላችኋል። እንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት ዴቪድ ሪካርዶ በ1817 መልስ ሰጥቶበታል። በምሳሌው ላይ ፖርቱጋል የዓመት ወይኑን በ80 ሰው፣ ጨርቁን በ90 ሰው ጉልበት ትሠራለች፤ እንግሊዝ ወይኑን በ120፣ ጨርቁን በ100። ፖርቱጋል በሁለቱም ትበልጣለች። ሆኖም ሁለቱን ራሷ ብትሠራ 170 ሰው ያስፈልጋታል፤ ወይን ብቻ በእጥፍ ሠርታ ግማሹን በጨርቅ ብትለውጥ 160 ይበቃታል። እንግሊዝም ከ220 ወደ 200 ትወርዳለች። ወሳኙ ከሌላው መብለጥ ሳይሆን ከራስ ሥራዎች መካከል በአንጻሩ የሚሻለውን መያዝ ነው። በሁሉም የሚያንስ አገር እንኳ ብዙም የማያንስበት ሥራ አያጣም።

ስለ ኮታ፣ ማለትም የሚገባውን ዕቃ ብዛት ስለመገደብ፣ አጭር ማሳሰቢያ። ቀረጥ ቢያንስ ለመንግሥት ገቢ ያመጣል። ኮታ ግን ልዩነቱን ፈቃዱን ለያዘው ሰው ይሰጣል፤ ፈቃድ አሰጣጡም ለሙስና በር ይከፍታል። በ1981 ጃፓን ለአሜሪካ የምትሸጠውን መኪና በዓመት በ1.68 ሚሊዮን «በፈቃደኝነት» እንድትገድብ ስትደረግ፣ የመኪናው ዋጋ ጨምሮ ትርፉን ያፈሱት የጃፓን አምራቾች ራሳቸው ነበሩ። ውድ ሞዴሎችንም መላክ ጀመሩ፤ ቁጥሩ ተገደበ እንጂ ዋጋው አልተገደበም።

የተለያየ መጠን ያላቸው ቀረጦች ሲጎራበቱ ደግሞ የአመዳደብ ጨዋታ ይጀመራል። ከ1964 ጀምሮ አሜሪካ በቀላል የጭነት መኪና ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ጥላለች፤ በሰው መጫኛ መኪና ላይ ግን በ2025 ተጨማሪ ቀረጥ እስኪጣል ድረስ ለረጅም ጊዜ 2.5 በመቶ ብቻ ታስከፍል ነበር። ፎርድ ትራንዚት ኮኔክት የተባለውን መኪና ቱርክ ውስጥ የኋላ መቀመጫና መስኮት እየገጠመ «የሰው መጫኛ» ብሎ ያስገባና ከወደብ ሲወጣ መቀመጫዎቹን ነቅሎ ለጭነት ይሸጠው ነበር። ክርክሩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2024 ኩባንያው 365 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ለመነቀል የተሠራ መቀመጫ ማለት ንጹህ ብክነት ነው። ቺሊ ይህን ያመለጠችው በ1979 ለሁሉም ዕቃ ማለት ይቻላል አንድ ወጥ 10 በመቶ ቀረጥ አውጥታ ነው፤ ከ2003 ጀምሮ 6 በመቶ ነው። መጠኑ አንድ ሲሆን የዕቃ መለያ ኮድ መቀየር አያተርፍም፣ ለአንድ ዘርፍ ብቻ ጭማሪ መለመንም ይከብዳል።

ጠንካራው ተቃራኒ ክርክር የጨቅላ ኢንዱስትሪ ነው፤ አዲስ ዘርፍ ራሱን እስኪችል ከለላ ይሰጠው የሚል ሲሆን በቁም ነገር እናየዋለን። ሊቀበሉት የሚቻለው ኢንዱስትሪው ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ያለ ከለላ መቆም ሲችል፣ ያኔ የሚያስገኘው ጥቅምም እስከዚያ የተከፈለለትን ሲመልስ ነው። ሁለቱም ተሟልተው እንኳ «ታዲያ ባንክ ወይም ባለሀብት ለምን አያበድረውም?» ብላችሁ ጠይቁ። የሠለጠነ ሠራተኛ ወደ ሌሎች ፋብሪካዎች ስለሚሄድ ከሆነ ትክክለኛው መፍትሔ ለሥልጠናው መደጎም ነው። ደቡብ ኮሪያ ከለላ ሰጥታ አድጋለች፤ እውነት ነው። እዚያ ግን ድጋፉ ከኤክስፖርት ግብ ጋር ታስሮ ነበር፣ ላኪዎችም ግብዓት ያለ ቀረጥ ያስገቡ ነበር። ብራዚል በ1984 የኮምፒውተር ገበያዋን በሕግ ለአገር ውስጥ አምራቾች ስትዘጋ ይህ ግዴታ አልነበረም፤ ውጤቱም ውድና ኋላ የቀረ ኮምፒውተር ሆኖ ሌሎች ኢንዱስትሪዎቿን ጎተተ፣ ሕጉም በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተነሣ።

ነጻ ንግድ ማንንም አይጎዳም አንልም። ኢኮኖሚስቶቹ ዴቪድ ኦተር፣ ዴቪድ ዶርንና ጎርደን ሃንሰን ከቻይና በገባው ዕቃ ፋብሪካቸው የተዘጋባቸውን የአሜሪካ አካባቢዎች አጥንተው የሥራ ዕጦቱ ከተጠበቀው በላይ ለዓመታት እንደቆየ አሳይተዋል። ሰው ቤቱንና ቤተሰቡን ትቶ ሥራ ወዳለበት ቶሎ አይሄድም። ይህ ለተበተነው ሠራተኛ በቀጥታ ገንዘብና ጊዜ ለመስጠት ምክንያት ነው። ቀረጥ ገንዘቡን ለፋብሪካው ባለቤት እንጂ ለሠራተኛው አይሰጥም፤ ባለቤቱ በትርፉ ማሽን ገዝቶ ሠራተኛ ቢቀንስ የሚከለክለው የለም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህንን ነው።

ማንኛውም የከለላ ማመልከቻ ሲቀርብ ከላይ ያሳየነው ስሌት በመሥሪያ ቤቱ ተሠርቶ ውሳኔው ከመሰጠቱ ቢያንስ 30 ቀን አስቀድሞ ይፋ ይሁን። ዕቃውን በግብዓትነት የሚጠቀሙ ፋብሪካዎች ስማቸው ተለይቶ ይጠሩ፣ ከአመልካቹ እኩል ይደመጡ። ስሌቱን የሚሠራው ክፍል ቀረጡን ከሚወስነው የተለየ ቢሆን ይመረጣል፤ አውስትራሊያ በ1974 ይህን ሥራ ለኢንዱስትሪ ድጋፍ ኮሚሽን ሰጥታ የከለላው ወጪ በየዘርፉ እየታተመ እንዲወጣ አድርጋለች። ዘርፉን መርዳት ግድ ከሆነ በበጀት ውስጥ በግልጽ በሚታይ ድጎማ ይረዳ፤ ዋጋው ለገዢ ስለማይጨምር ገዢዎች ባልገዟቸው ዕቃዎች ያጡት ያ 1,875 አይባክንም፣ ፓርላማውም በየዓመቱ ያየዋል። ድጎማው ራሱ ከግብር ስለሚመጣ ወጪ እንዳለው እናውቃለን፤ ቢያንስ ወጪው ይታያል።

ቀረጥ ከተፈቀደም የሚያበቃበት ቀን በዚያው ሰነድ ላይ ይጻፍ። የዓለም ንግድ ድርጅት ደንብ ለጊዜያዊ መከላከያ እርምጃ 4 ዓመት ይፈቅዳል፤ ቢራዘም ጠቅላላው ከ8 ዓመት አያልፍም፣ ለታዳጊ አገሮች 10 ዓመት ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ከቆየም በየጊዜው እየቀነሰ መሄድ አለበት። የነበረ ከፍተኛ ቀረጥ ሲወርድም የጊዜ ሰሌዳው አስቀድሞ ይነገር፤ አውስትራሊያ የመኪና ቀረጧን በ1980ዎቹ ከነበረበት 57.5 በመቶ ወደ 5 በመቶ ያወረደችው እስከ 2010 በደረጃ ነው። የመኪና ፋብሪካዎቹ በ2017 መዘጋታቸውን የሚያነሳ አይጠፋም፣ ያንሳ። ውሳኔው የተወሰደው ወጪው እየታወቀ ነበር።

ሥራው ከየት ይጀመር ለሚል ኃላፊ፦ የታሪፍ መጽሐፉን ከፍታችሁ በግብዓቱ ላይ ያለው ቀረጥ በመጨረሻው ምርት ላይ ካለው የሚበልጥባቸውን መስመሮች አውጡ። አብዛኛውን ጊዜ ብረት፣ ፕላስቲክ፣ ማሸጊያና የማሽን መለዋወጫ አካባቢ ይገኛሉ። ለእያንዳንዳቸው የእሴቱን ስሌት ሠርታችሁ ውጤቱ ከዜሮ በታች የሆነውን መጀመሪያ አውርዱ።

ከሰላምታ ጋር